«እንጨት ወግቶት ነው» ሲባል አደግኩ

ግራ ዓይኔ የራሴ አይደለም። ሰው ሠራሽ ነው። ደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ ሰው ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «እንጨት ወግቶት ነው።» እናቴ እንዲህ ትላለች፣ አባቴም እንዲህ ይላል፣ እኔም ተቀብዬ እላለሁ። የት እንደወጋኝ፣ ማን አጠገቤ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሜሪካ ስመጣም ይህችን ታሪክ ይዣት መጣሁ። አግብቼ ልጅ ስወልድም አብራኝ ነበረች።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ቤት የተደበቀ ታሪክ ያለበት ቤት ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። የሞተ ልጅ፣ የጠፋ ዓይን፣ «በምች ነው» የተባለ እብጠት። ለአንዳንዱ ቤት ያ ታሪክ የሚቀጥለውን ልጅ ያድናል።

ትልቋ ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሳናት። ማታ ቤት ተሰብስበን ስንበላ ስንጠጣ የባለቤቴ የአክስት ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሳት። ፎቶው ላይ ቀኝ ዓይኗ ቀይ ነው፣ ፍላሽ ሲበራ እንደሚሆነው። ግራው ግን ነጭ ነው። ሌሊት የመኪና መብራት ያረፈበት የድመት ዓይን ታውቃላችሁ? እንደዚያ። አንዷ ዘመዳችን «ውይ፣ የድመት ዓይን መሰለች» አለች። ሁላችንም «ፍላሹ ነው» አልን። ፎቶውን ለቤተሰብ ከመላኬ በፊት ነጯን ነጥብ በስልኬ አጠቆርኳት። እኔ ነኝ ያጠቆርኳት። ያ ነጭ ነገር ከብሌኗ ጀርባ ያለው ዕጢ ብርሃኑን ሲመልሰው የታየ ነበር።

አምስት ወር ሲሞላት ግራ ዓይኗ መሸወር ጀመረ። የሕፃናት ሐኪሙ ጋ ወሰድናት። «በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ይስተካከላል» ብሎ መለሰን። ቅጽ ሞልተን ነበር። «በቤተሰብ ውስጥ የዓይን በሽታ ወይም ካንሰር ያለበት ሰው አለ?» ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ «አደጋ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ እንጨት ነው» አልኩት። እንግዲህ ሐኪሙ በቂ ምርመራ አላደረገም ብዬ ብዙ ተናድጃለሁ። ግን ያቺን ጥያቄ ጠይቆኛል። መልሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምመክራችሁ ነገር አለ። የልጃችሁ አንድ ዓይን በፍላሽ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በተለይ ደጋግሞ ከታየ፣ ፎቶውን ይዛችሁ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ካሜራው የተያዘበት አቅጣጫም፣ የዓይን ሞራም ሊያደርገው ይችላል። ግን ይህን የሚለየው በጠብታ ብሌኑን አስፍቶ እስከ ውስጥ የሚያይ ሐኪም ብቻ ነው። አዲስ የመጣ መሸወርም እንደዚያው። ቀጠሮው ከወር በኋላ ነው ካሏችሁ «ነጭ ነጸብራቅ አይተናል» በሉ። ያቺ ቃል በር ታስከፍታለች። እኔ ይህን ያወቅኩት ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ነው። ከክርስትናዋ ማታ ጀምሮ ስድስት ወር አልፎ ነበር።

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ አየቻት። ከዚያ ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል ሰው ሆዱ ያውቃል። በማደንዘዣ አስተኝተው ሲመረምሯት ግራ ዓይኗን ዕጢ ሞልቶታል። በቀኙም ሁለት ትናንሽ አሉ። ስሙ ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፣ የሬቲና ማለትም በዓይን ውስጥ በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ካንሰር ነው። በጣም ትናንሽ ልጆችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን የሚይዝ።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ ከነገረችን በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «የአንተ ዓይን የወጣው በስንት ዓመትህ ነው?»

«በሁለት ዓመቴ።»

«ማን አወጣው?»

«ሐኪም። አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ነው ይላሉ።»

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ዛሬ ደውልላቸው» አለችኝ።

እማዬ ስልኩን ስታነሳ እንደልማዷ ሰላምታው አላለቀም። ጤናዬን፣ የባለቤቴን ጤና፣ የሕፃኗን ጤና። «እማዬ» አልኳት፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ዓይኔን ምን ነክቶት ነው?» ዝም አለች። «ለምን ጠየቅከኝ?» አለች ቆይታ። «ልጄ እንደዚያ ሆናብኝ ነው» አልኳት። ያኔ ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ «እንጨት አይደለም ልጄ» አለችኝ።

ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። አላውቅም ነበር። ስሙ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ማታ በኩራዝ ብርሃን ዓይኑ ያበራ ጀመር። ቡዳ ነው ተባለ። ጠበል ወሰዱት፣ መድኃኒት አዋቂ ጋ ወሰዱት። ዓይኑ አብጦ ወጣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እኔ ስወለድ እማዬ በየማታው ኩራዙን ወደ ፊቴ አቅርባ ታየኝ ነበር። አንድ ማታ ያንኑ ብርሃን አየች። በነጋታው አባቴ በሬ ሸጦ ይዞኝ አዲስ አበባ ወረደ። ሐኪሞቹ «ነቀርሳ ነው፣ ዓይኑ ካልወጣ ልጁ ይሞታል» አሉት። አባቴ ፈረመ።

ማንም ሳያስተምራት እናቴ ያን ማታ ኩራዝ ይዛ ያደረገችው ነገር እዚህ ሀገር ትልልቅ ሆስፒታሎች ከሚያደርጉት የተለየ አይደለም። ወንድሙ የታመመበትን ሕፃን ከመታመሙ በፊት በብርሃን ማየት። እኔ ዛሬ ያለሁት በዚያ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ደበቁት? «የነቀርሳ ዘር ናቸው እንዳይባል» አለችኝ። እህቶች አሉኝ። ማን ያገባቸዋል? እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥረን ዝምድና እናጣራለን። የገዛ ወንድማችን በምን እንደሞተ ግን ለልጆቻችን አንነግርም። በእናቴ አልፈርድባትም። ግን ይህ ዝምታ የልጄን ግራ ዓይን ከወሰዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ግራ ዓይኗ እንዲወጣ ሲነግሩን አሥር ቀን ስጡን አልን። ጠበል እናድርሳት፣ ሌላ ሐኪም እንጠይቅ አልን። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ዕጢው በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መንገድ ካገኘ ጉዳዩ የዓይን መሆኑ እንደሚቀርና የሕይወት እንደሚሆን ነገረችን። ያ ዓይን ደግሞ ከዚያ ወዲያ አያይም። ወንድሜን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ፈረምን። ጠበሉን አልተውንም፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወሰድናት። ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ፤ ቀጠሮውን ግን ለምንም ብላችሁ አታሳልፉ። ይህ በሽታ ቶሎ ከተደረሰበት ከሚድኑት የልጅነት ካንሰሮች ዋነኛው ነው። አቅሙ ባላቸው ሀገሮች ከመቶ ልጆች ከዘጠና አምስት በላይ ይድናሉ። በእኛ ሀገር የሚገድለው በአብዛኛው ዘግይተን ስለምንደርስ ነው።

ለቀኝ ዓይኗ ስድስት ዙር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወሰደች፣ በየአራት ሳምንቱ። በመሃል በሌዘርና በማቀዝቀዝ ዕጢዎቹን ያጠፏቸው ነበር። አንድ ስህተታችንን ብቻ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዙር ማታ ላይ ትኩሳት ያዛት። «ይነጋል፣ ጠዋት እንወስዳታለን» ብለን በእርጥብ ጨርቅ ስናበርዳት አደርን። ጠዋት ስንደርስ ነርሷ ልጄን ከእጄ ነጥቃ ነው የሮጠችው። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ራሱን የሚከላከልበት ነጭ የደም ሴል ስለሚያንሰው ትኩሳት ለእሱ ድንገተኛ ነው። ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። 38 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ተነሡና ሂዱ።

ከዚያ የዘረመል አማካሪዋ፣ በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ የምትመክረው፣ ጋ ሄድን። እኔ መኪና በመንዳት ነው የምተዳደረው፣ ይህን ስታውቅ በፍሬን አስረዳችኝ። ሰው በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ አርቢ 1 (RB1) የሚባል ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ፣ አለው። ሥራው ሴሉ ያለ ልክ እንዳይራባ መያዝ ነው። ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን በሉት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ልጅ በሽታው እንዲይዘው በአንድ ሴል ውስጥ ሁለቱም ፍሬን መበጠስ አለባቸው። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። ሲሆንም በአንድ ዓይን፣ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። የእኔ ልጅ ግን ስትወለድ በሁሉም ሴሏ ውስጥ አንዱ ፍሬን የተበጠሰ ነበር። የቀረው አንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሁለቱም ዓይን፣ በዚያ ዕድሜ የያዛት። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1971 አልፍሬድ ኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የልጆቹን መዝገብ እየቆጠረ ነው የደረሰበት፣ ጂኑ ራሱ ሳይገኝ። ጂኑ በ1986 ተገኘ። እኔ ሚያዝያ 1978 ዓ.ም. ነው የተወለድኩት። በእነሱ አቆጣጠር ያው 1986 መሆኑ ነው። ይህ ነገር ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከአእምሮዬ አይወጣም።

የልጄ ደም ተመረመረ፣ የተበላሸው ቦታ ተገኘ። ከዚያ የእኔ። ያው ቦታ፣ ያው ስህተት። የባለቤቴ ንጹህ ነው።

ከቢሮው ወጥተን መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ባለቤቴ እጄን ይዛ «ከአባትህ ቁመት ወስደሃል፣ ከእናትህ ሳቋን ወስደሃል። መርጠህ ነው?» አለችኝ። የንስሐ አባቴም «ኃጢአት አድርገህ አትቁጠረው፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አስታውስ» አሉኝ። ቢሆንም ወራት ፈጀብኝ። እንደኔ የሆናችሁ ወላጆች፣ ይህ ጸጸት ይመጣል። ስለ መጣ ብቻ እውነት አይደለም። ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገሩበት፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

አማካሪዋን «የልጆች ካንሰር ሁሉ በዘር ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ በ1,120 ካንሰር ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት አብሯቸው የተወለደ አደገኛ የጂን ለውጥ ያገኘው ከመቶ 8.5 በሚሆኑት ላይ ነው። የቀሩት ላይ አልተገኘም። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ልጅ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ቢይዘው «ዘራቸው ነው» አትበሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «በቤታችን ማንም የለም» ማለትም ዋስትና አይሆንም። ለውጡ በልጁ ላይ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ሬቲኖብላስቶማ በሁለቱም ዓይን የያዛቸው አብዛኞቹ ልጆች በቤተሰባቸው የመጀመሪያ ናቸው።

ሁለተኛ ልጅ ስናስብ ፈራን። እኔ ለማንኛውም ልጄ የማስተላልፍበት ዕድል ዘውድና ጎፈር ነው፣ ግማሽ በግማሽ። ሳንቲሙ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም፤ አንዷ ስለያዛት ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ሊመረመር እንደሚችል ተነገረን። እኛ ሲወለድ ለማወቅ ወሰንን። ይህ የእያንዳንዱ ቤት ውሳኔ ነው፣ በማንም አልፈርድም። ወንድ ልጅ ተወለደ። ከእትብቱ ደም ተወስዶ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በአራተኛው ቀኑ ዓይኑን አዩት። ንጹህ ነው። ውጤቱ መጣ፤ የተበላሸውን ጂን ወስዷል። ባለቤቴ አራስ ቤት ሆና አለቀሰች። እኔ ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ በዚህ ጊዜ ምን እንደምናደርግ አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ምርመራ፣ ገና ወሩ ሳይሞላ፣ በቀኝ ዓይኑ አንዲት ዕጢ ተገኘች። ሐኪሟ ምስሉን አሳየችኝ። ብርቱካናማ መደብ ላይ ነጭ ነጥብ። የጤፍ ፍሬ ነው የምታክለው። በሌዘር አጠፏት። በኋላ ሌላ አንዲት መጣች፣ እሷንም እንደዚያው። ኬሞ አልወሰደም። ዓይኑ አልወጣም። ዛሬ በሁለቱም ዓይኑ ያያል፣ ኳስ ሲመታ ቤቱን ያፈርሰዋል። በእህትና በወንድም መሃል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ለእሱ አስቀድመን አውቀናል።

እህቴ አዲስ አበባ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣችኝ። «የእኔ ልጆች ምንም የላቸውም፣ ክፉ አትጥራብኝ» አለች። አልፈረድኩባትም፣ እኔም ቅጹ ላይ «የለም» ብዬ ነው የሞላሁት። በሳምንቱ መልሳ ደወለች። ልጆቿን ምኒልክ ዓይን ክፍል ወስዳ በጠብታ አሳየቻቸው። ደህና ናቸው። የደም ምርመራው ለእሷ ቀላል አልሆነላትም። ግን ትንሹ ልጅ እያደገ እስኪሄድ በየጊዜው ታሳየዋለች። የጂን ምርመራ የማታገኙ ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ። ታሪኩን ማወቅና ዓይኑን ደጋግሞ ማሳየት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ለሐኪሙም በግልጽ ንገሩት፤ «አጎቱ በልጅነቱ በዓይን ካንሰር ዓይኑ ወጥቷል» በሉ። «ዓይኑን ታሞ ነበር» አይበቃም።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዓይኑ የወጣለት ልጅ ድኗል ተብሎ ይረሳል። የዚህ ጂን ብልሽት በዓይን አያበቃም። በዘር የመጣ ከሆነ በኋላ ዕድሜ የአጥንት፣ የሥጋና የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ «እግሬን ያመኛል» ሲል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም እብጠት ሲኖር፣ «እያደገ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ለእኛ ልጆች አይሠራም። የጨረር ሕክምናም ይህን አደጋ ስለሚጨምር ሐኪሞች በተቻለ መጠን ይሸሹታል። ለልጄ በጨረር የሚሠራውን ሲቲ ስካን ሊያነሱ ሲሉ «የአርቢ 1 ብልሽት አለባት፣ የግድ ነው ወይ? ጨረር የሌለው ኤምአርአይ አይሆንም?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ይሆናል። እኔ ሲጋራ አጨስ ነበር። ውጤቴ በመጣበት ሳምንት ጣልኩት።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አንድ ደብተር ያዙ። የልጁ በሽታ ስም፣ የጂኑ ለውጥ በሪፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የምርመራዎቹ ቀን። ሀገር ብትቀይሩ፣ ሐኪም ብትቀይሩ፣ እናንተ ብትሞቱ ልጁ ያንን ደብተር ይይዛል። የእኔ መዝገብ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። የእኔ መዝገብ እናቴ ናት።

እማዬ ባለፈው ዓመት መጥታ ሦስት ወር ተቀመጠች። አንድ ማታ ልጄ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆማ ሰው ሠራሽ ዓይኗን አውጥታ ስታጥብ አየቻት። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ዓይኗን በንጹህ ውሃ አለቅልቃ፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ ከፍ አድርጋ ስትመልሰው። ማንም አላገዛትም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ «እኔ ለአባትሽ ይህን በድብቅ ነበር የማደርገው» አለቻት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣት፣ ስለ አጎቷ ነገረቻት። ስሙን ጠርታ። እኔ ከኮሪደሩ ሆኜ ሰማሁ፤ ያን ስም በእማዬ አፍ ስሰማ ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት አዲስ የመጣ የሐበሻ ልጅ ዓይኗን አይቶ «ምን ወግቶሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እራት ላይ ነው የነገረችን፣ ሹካዋን ሳታስቀምጥ።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምንም አልወጋኝም አልኩት። ካንሰር ነበረብኝ፣ ሐኪም አወጣልኝ፣ አባቴም እንደዚያው ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«‹እሺ› አለኝ። ከዚያ ተጫወትን።»